የተጓዧ ሰዓትና የጠባቂዋ ሰዓት

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በንባብ ክበቡ የቀረበ ንግግር



የንባብ ክበባችን በስብሰባው ቀን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ ከተወሰነ ወዲህ ስለ እርሾ፣ ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ ባንክ ወለድ ተናግረናል። ዛሬ ወደ ሰማይ ወጥተናል። ርእሳችን እጅግ በፍጥነት በሚጓዝ መንኮራኩር ውስጥ ሰዓት የሚዘገይ ስለ መሆኑ ነው። ርእሱን ስናስታውቅ አንዲት እኅታችን «ይህ ለሳሙና ሥራችን ምን ይጠቅማል?» ብላ ጠይቃናለች። ለሳሙናው ምንም አይጠቅምም። የመረጥነው ከክበቡ አባላት የአንዷ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተከራክራ ያመጣችው ጥያቄ ስለያዘን ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዲት እናት ወደ ጠፈር ሄዳ ስትመለስ ከልጇ ያነሰ ዕድሜ ሊኖራት ይችላል?

መልሱ «አዎ» ነው። ብዙ ማታ ያስቀመጠን ግን ከ«አዎ» በኋላ ያለው ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። ከሳሪስ ወደ ስታዲየም በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ሎሚ ወደ ላይ ወርውራችሁ ቀለባችሁ እንበል። ለእናንተ ሎሚው ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። መንገድ ዳር ቆማ በመስኮት ላየቻችሁ ሴት ግን ሎሚው ከአውቶቡሱ ጋር ወደ ፊትም ሄዷል፤ እሷ ያየችው መንገድ ረዘም ያለ ነው። ይህ ማንንም አያስገርምም። ሎሚው የእጃችሁንም የአውቶቡሱንም ፍጥነት ይዟልና ረጅሙን መንገድ በዚያው ጊዜ ይጨርሰዋል።

አሁን ሎሚውን ትታችሁ ብርሃን ወርውሩ። ወለሉ ላይ አንድ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ ሌላ መስታወት አድርጉና ብርሃን በሁለቱ መካከል ይመላለስ። አንድ ምልልስ እንደ አንድ የሰዓት ምት ይቆጠር። ለተሳፋሪዋ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ይወርዳል። ለውጪዋ ሴት በሰያፍ ይሄዳል፤ መንገዱም ይረዝማል። ነገር ግን ብርሃን እንደ ሎሚው የአውቶቡሱን ፍጥነት በራሱ ላይ አይደርብም። የቆመ ሰው ቢለካው፣ የሚሮጥ ሰው ቢለካው፣ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም። መንገዱ ረዝሞ ፍጥነቱ ካልጨመረ ጊዜው ይረዝማል፤ ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ ውጪ ለቆመችው ሴት የአውቶቡሱ ሰዓት ቀስ ብሎ ይመታል።

አልበርት አይንስታይን ይህን እ.ኤ.አ. በ1905 ሲጽፍ 26 ዓመቱ ነበር፤ በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በፓተንት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ሠራተኛ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናጥብቅ። የሚዘገየው የብርሃኑ ሰዓት ብቻ አይደለም። የተሳፋሪዋ ልብ፣ የምታቦካው ሊጥ፣ የጥፍሯ እድገት፣ ሁሉም በአንድ ላይ እኩል ይዘገያሉ። ለዚህም ነው እሷ ምንም የማይታወቃት። ሊጡ እንደ ወትሮው በሦስተኛው ቀን ኩፍ ይላል፤ ልቧም እንደ ወትሮው ይመታል። ልዩነቱ የሚገለጠው ወርዳ ሰዓቷን ከሌላ ሰው ሰዓት ጎን ስታስቀምጠው ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1971 ጆሴፍ ሃፈሌ እና ሪቻርድ ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አራት የአቶም ሰዓቶች ይዘው በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ዓለምን ዞሩ፤ አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ። ለሰዓቶቹ ወንበር ተይዞላቸው ነበር፤ ትኬቱም የተቆረጠው በ«አቶ ሰዓት» ስም ነው። ሲመለሱ መሬት ላይ ከቀሩት ሰዓቶች ጋር ተመሳከሩ። ወደ ምሥራቅ የሄዱት በ59 የሰከንድ ቢሊዮንኛ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ወደ ምዕራብ የሄዱት ደግሞ በ273 የሰከንድ ቢሊዮንኛ ቀድመው ተገኙ። ወደ ምሥራቅ የሚበር አውሮፕላን ምድር ራሷ በምትዞርበት አቅጣጫ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይደመራል፤ ሰዓቱም ይዘገያል። ወደ ምዕራብ ሲሆን ይቀነሳል። በዚህ ላይ ከፍታ የራሱ ሥራ አለው፤ የምድር ስበት በላላበት ከፍ ያለ ቦታ ሰዓት ይፈጥናል። ይህንንም አይንስታይን ነው ያሳየው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፉ በኋላ። ሙከራው ባጠቃላይ 8,000 ዶላር ገደማ ፈጀ፤ አብዛኛው የትኬት ነው። ደጋፊዎቻችን ይህን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል፤ ትልቅ ጥያቄ ሁልጊዜ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ሰዎችም ተለክተዋል። ማርክ ኬሊና ስኮት ኬሊ መንታ ጠፈርተኞች ናቸው፤ ማርክ በ6 ደቂቃ ይበልጣል። ስኮት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 340 ቀን ተቀመጠ። ጣቢያው በሰከንድ ወደ 7.7 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የፍጥነቱንም የከፍታውንም ሒሳብ አቻችለን ስናሰላው ስኮት ሲመለስ ከወንድሙ ጋር ያለው የዕድሜ ልዩነት በ8 የሰከንድ ሺኛ ገደማ ሰፍቷል። ዓይን የሚርገበገብበት ጊዜ ከዚህ ይረዝማል።

«እንግዲህ ይህቺ ምን ልዩነት ታመጣለች?» ትሉ ይሆናል። በቦርሳችሁ ያለውን ስልክ አውጡ። ራይድ ስትጠሩ ሾፌሩ ያላችሁበትን የሚያውቀው በጂፒኤስ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይዞራሉ፤ እያንዳንዳቸው የአቶም ሰዓት ይዘዋል። ስልካችሁ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት የሚያሰላው ምልክቱ ተልኮ እስኪደርስ በፈጀው ጊዜ ነው። ሳተላይቱ ስለሚሮጥ ሰዓቱ በቀን በ7 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይዘገያል። ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ደግሞ በ45 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይፈጥናል። ሲቻቻል በቀን 38 የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይቀድማል ማለት ነው። ብርሃን በዚህች ቅንጣት ጊዜ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ከመርካቶ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚደርሰው ይበልጣል። ልዩነቱ ባይታረም የርቀቱ ስሌት በየቀኑ ይህን ያህል እየተዛነፈ ይከማቻል። ስለዚህ ሰዓቶቹ ገና ሳይመጥቁ ምድር ላይ ሆነው በጥቂቱ እንዲዘገዩ ተደርገው ይሠራሉ፤ ላይ ሲወጡ ልክ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በ1977 ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሳተላይቶች አንዱ ሲመጥቅ ማስተካከያው ለሃያ ቀን ያህል ሳይከፈት ቆይቶ ነበር፤ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ ለማየት ነው። የሰዓቱ መፍጠን በስሌት ከተተነበየው ጋር እጅግ ተቀራርቦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ተከፈተ።

ጂፒኤስን ካነሣን ግላዲስ ዌስትን ሳንጠራ አናልፍም። የሒሳብ ባለሙያዋ በቨርጂኒያ ከጥቁር አሜሪካዊ ገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በዳልግረን በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ጣቢያ ለ42 ዓመት ሠርታለች። ምድር ድፍን ኳስ አይደለችም፤ እዚህ ጎበጥ፣ እዚያ ጎድጎድ ትላለች። ግላዲስ ከሳተላይት በሚመጣ ልኬት ያን ትክክለኛ ቅርጽ በኮምፒዩተር አሰላች፤ ጂፒኤስም በዚህ ዓይነቱ ስሌት ላይ ቆመ። ሰፊ እውቅና ያገኘችው ጡረታ ወጥታ ከ80 ዓመት በላይ ከሆናት በኋላ ነው። ዘግይቷል፤ ይህኛው መዘግየት ግን በአይንስታይን የሚሳበብ አይደለም።

እስካሁን ያልናቸው ልዩነቶች ሁሉ ጥቃቅን ናቸው፤ መንኮራኩሮቻችን ከብርሃን አንጻር ኤሊ ናቸውና። የሰው ልጅ ከሠራቸው ሁሉ ፈጣኗ ፓርከር የተባለችው የፀሐይ መንኮራኩር ናት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2024 ከፀሐይ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ስታልፍ ፍጥነቷ በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከሁለት ሰከንድ ተኩል አይፈጅባትም። ይህም ከብርሃን ፍጥነት አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ ብትሮጥ ከፍጥነቱ ብቻ የሚመጣው መዘግየት 18 የሰከንድ ሺኛ ገደማ ነው።

አሁን ወደ እናቲቱ እንሂድ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የቅርቧ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ናት፤ ብርሃን ራሱ 4.24 ዓመት ይፈጅበታል። አንዲት የ26 ዓመት እናት የ4 ዓመት ልጇን ለአያቷ ትታ በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ወደዚያች ኮከብ ሄደች፤ ሳትውል ሳታድር ተመለሰች እንበል። በምድር ቀን መቁጠሪያ ደርሶ መልሱ 10 ዓመት ከ7 ወር ነው። በእናቲቱ ሰዓት 6 ዓመት ከ4 ወር። እናት በ32 ዓመቷ ስትወርድ በር ላይ የምትጠብቃት የ14 ዓመት ልጅ ናት።

የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። «ከእናትየው ዓይን ሲታይ የራቀችው ልጅቷና ምድር አይደሉም ወይ? ታዲያ ልጅቷ ለምን ወጣት አልሆነችም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የፊዚክስ ሰዎችም ብዙ ተከራክረውበታል። እኛን ያረካን መልስ የተገኘው በድምፅ መልእክት ሒሳብ ነው። በኢሞ እንደምንላላከው ዓይነት ማለት ነው።

እናት በየወሩ፣ በራሷ ወር፣ አንድ የድምፅ መልእክት ትልካለች። ልጅም በየወሩ፣ በራሷ ወር፣ አንድ ትልካለች። እናት እየራቀች ሳለ እያንዳንዱ መልእክት ከበፊቱ የበለጠ መንገድ አለበት፤ የላኪዋም ሰዓት ይዘገያል። ሁለቱ ተደምረው በዚህ ፍጥነት አንድ ወር የነበረው ክፍተት ለተቀባይዋ ሦስት ወር ይሆናል። እናት ስትመለስ ግን እያንዳንዱ መልእክት ከበፊቱ ያነሰ መንገድ ይቀረዋል፤ በወር ሦስት፣ በአሥር ቀን አንድ ይደርሳል። እስከዚህ ለሁለቱም እኩል ነው።

ልዩነቱ የመልእክቱ አመጣጥ የሚለወጥበት ጊዜ ነው። እናት ኮከቧ ዘንድ ደርሳ ፊቷን ወደ ቤት ያዞረች ዕለት ወዲያው ከልጇ የሚመጣው ድምፅ ይበዛላታል። የጉዞዋ እኩሌታ በሦስት ወር አንድ፣ እኩሌታው በወር ሦስት ነው። ስትሄድ 12 ወይም 13፣ ስትመለስ 114 ያህል፤ ባጠቃላይ 127 መልእክት ትሰማለች። 127 ወር ማለት 10 ዓመት ከ7 ወር ነው።

ልጅ ግን እናቷ መዞሯን የምታውቀው ዜናው ከኮከቧ ተነሥቶ 4.24 ዓመት ተጉዞ ሲደርሳት ነው። ስለዚህ ለ9 ዓመት ከመንፈቅ ያህል በሦስት ወር አንድ እየሰማች ትቆያለች። ልጅቷ 13 ዓመት አልፏት የሚደርሳት ድምፅ ገና ከሄደች ሦስት ዓመት የሆናት እናት ድምፅ ነው። የሄደችው ደግሞ በራሷ ቆጠራ ነው። ከዚያ በመጨረሻው አንድ ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ውስጥ የመልሱ መንገድ 38 መልእክት ተከታትሎ ይወርድባታል። ሲደመር 76 ነው፤ 76 ወር ማለት 6 ዓመት ከ4 ወር ነው። ማንም አላታለለም፣ አንድ መልእክትም አልጠፋም። ሁለቱ የተቆጣጠሩት ጊዜ ግን እኩል አይደለም፤ ምክንያቱም የዞረችው አንዷ ብቻ ናት።

ከእኛ መካከል አንዷ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ልጇን በሦስት ዓመቷ ትታ በአሥር ዓመቷ አገኘቻት። ይህን ስናሰላ እንባ የመጣብን ነበርን፤ እሷ ግን እንዲህ ብላ አቆመችን፦ «አታመሳስሉት። የእኔ ሰባት ዓመት ለእኔም ሰባት ዓመት ነበር። አንድ ቀን አልተቀነሰልኝም።» ልክ ናት፤ በንግግሩም እንዲገባ ያለችው ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ለቤይሩት ተጓዥ የሚቀንስላት ቢኖር እጅግ ኢምንት ነው።

ሌላዋ አባላችን ደግሞ «እንግዲያው ፍጥነቱን እንጨምርና እናቲቱን ቶሎ እንመልሳት» አለች። ጨመርነው። በ99 በመቶ ፍጥነት እናቲቱ በራሷ ሰዓት በ14 ወር ተኩል ትመለሳለች። ለልጅቷ ግን 8 ዓመት ከ7 ወር ነው። በ99.99 በመቶ እናቲቱን የሚፈጅባት 44 ቀን ነው፤ ከሁለት ወር ያነሰ ጾም ማለት ነው። ለልጅቷስ? 8 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ። ከዚያ በኋላ ምንም ቢጨመር የእናቲቱ ጊዜ ወደ ቀናት፣ ወደ ሰዓታት ይወርዳል፤ የልጅቷ ግን ብርሃን ደርሶ ከሚመለስበት ከ8.48 ዓመት በታች አይወርድም። ስለ ጠፈር ጉዞ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ተጓዡ ነው፤ እኛ ያየነው ግን ይህ ነው። ፍጥነት ለሄደችው ያሳጥርላታል፤ ለጠበቀችው ግን አንዴ ከተወሰነ በታች አንዲት ቀን አይቀንስላትም።

የመጀመሪያው ጥያቄም በዚህ ይመለሳል። ቬጋ የተባለችው ደማቅ ኮከብ 25 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ያቺው የ26 ዓመት እናት በ98 በመቶ ፍጥነት ወደ ቬጋ ደርሳ ብትመለስ በራሷ ሰዓት 10 ዓመት ያህል ይሆናታል፤ በምድር 51 ዓመት ያልፋል። እናት 36፣ ልጅ 55። ፖል ላንዥቫን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1911 ከዚህ የከፋ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር፤ ተጓዡ ሁለት ዓመት ኖሮ ሲመለስ በምድር ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። የሚቀበለው ዘመድ የለም።

ይህን እንደ ዕድሜ ማራዘሚያ አድርገው የሚያወሩ አሉ። አይደለም። ያቺ እናት የኖረችው 6 ዓመት ከ4 ወር ነው፤ የበላችው የ6 ዓመት ከ4 ወር እንጀራ፣ የተኛችው የ6 ዓመት ከ4 ወር እንቅልፍ ነው። አንድ ቀን አልተጨመረላትም።

ይደረግ ቢባልስ? ወጪውን እንቁጠር፤ ቁጠባ ማኅበር ነንና። አንድ ኪሎ ነገር፣ ጤፍ ይሁን ብረት፣ ከብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ለማድረስ ምንም ባይባክን 16,600 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይፈልጋል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዓመት እንዲያመነጭ የታሰበው 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። የግድቡ የአንድ ዓመት ሙሉ ኃይል አንድ ኪሎ ጤፍ አይበቃውም። እናቲቱ ራሷ 55 ኪሎ ብትሆን 58 ዓመት የግድቡ ምርት ለእሷ ብቻ። ይህም ለመነሣት ነው፤ ኮከቧ ዘንድ ለማቆም፣ ለመመለስ መነሣት፣ ቤት ደርሶ ማቆም ገና ነው። መንኮራኩሩን፣ ውሃውን፣ ስንቁን አልቆጠርንም። መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ሚሊግራም የምትመዝን የአሸዋ ቅንጣት በዚያ ፍጥነት ብትገጥማት የ14 ቶን ፈንጂ ያህል ትመታታለች። ስለዚህ ልጅቷ ለጊዜው እናቷን አታጣም።

ዛሬ ያለው እውነት ቮየጀር 1 ናት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 የመጠቀች፣ ከሰው ሥራ ሁሉ ርቃ የሄደች መንኮራኩር ናት። በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ተጉዛ የደረሰችው ብርሃን በአንድ ቀን ገደማ የሚደርስበት ቦታ ነው። በዚህ አካሄዷ ፕሮክሲማ ያለችበትን ያህል ርቀት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ይቀራታል።

ፕሮክሲማ ራሷ በዓይን አትታይም፤ ደብዛዛ ናት። የቅርብ ጎረቤቶቿ የሆኑት ሁለቱ ኮከቦች ግን አንድ ሆነው ደምቀው ይታያሉ። ከዚህ ከአዲስ አበባ፣ በግንቦት መጨረሻ ሰማዩ ከጠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩና ከአድማሱ ትንሽ ከፍ ብላ ደማቅ ኮከብ ፈልጉ። የምታዩት ብርሃን የተነሣው ከአራት ዓመት በፊት ነው።

ቡናው ደርሷል። ጥያቄ ያላችሁ በስኒው መካከል ያዙን፤ የመልእክቱን ሒሳብ በራሷ እጅ ማስላት ለምትፈልግ ደግሞ ወረቀቱን ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል።